ኢልካ ዳሀብና የድራማ ክበባችን

ልጅ እያለሁ ብዬ ወሬ ስጀምር የሚስቁብኝ አሉ። ገና ሃያ አንድ ዓመቴ ነዋ! እኩዮቼ ግን ይገባችኋል፤ የኛን ልጅነት የቆረጠው ዕድሜ ሳይሆን ኮሮና ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ነበርን፣ ሲከፈት የወንዶቹ ድምፅ ጎርንኖ፣ የሴቶቹ ቁመት ረዝሞ፣ ግማሾቻችን አገር ቀይረን ተገኘን። የማወራችሁ ከመዘጋቱ በፊት ስላለው የመጨረሻ ዓመት ነው። ጅግጅጋ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁበት፣ የድራማ ክበብ አባል የሆንኩበት፣ ሰው ማመንም የተውኩበት ዓመት ነው።

አባዬ የእንስሳት ሐኪም ነው። ከወሎ ጅግጅጋ ተመድቦ ሲመጣ እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ስለዚህ አገርሽ የት ነው ስባል የሚቀናኝ መልስ ጅግጅጋ ነው። አባዬ ሳምንቱን ሙሉ ሀርሺንና ሐርተሼክ ሲመላለስ ግመል ሲከትብ፣ ፍየል ሲያክም ይውላል። ቤት ሲገባ ልብሱ አቧራና መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ጫማውን በር ላይ አራግፎ፣ ከአንዱ አርብቶ አደር የተሰጠውን የግመል ወተት በሃይላንድ ይዞ ይመጣል። ዶክተር ሲሉት እንዴት እንደምኮራ! እሱ ግን ሁልጊዜ፣ «አርብቶ አደር መጀመሪያ የሚያየው እጅሽን አይደለም፣ አፍሽን ነው። ግመሉን የሚሰጥሽ በቤቱ ያየሽውን ይዘሽ እንደማትዞሪ ሲያውቅ ብቻ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም እሺ እላለሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

ረቡዕ ከሰዓት የክበብ ጊዜ ነበር። ቀይ መስቀል ክበብ ፋሻ እየጠቀለለ ጤነኛ ሰው ያስራል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አምስት ችግኝ ተክሎ አራቱን ፍየል በልታበት በአንዷ ዙሪያ ይሰበሰባል። ሚኒ ሚዲያዎች ያቺን አንድ ድምፅ ማጉያቸውን ከፍተው ጆሯችን እስኪበሳ ያስፏጩባታል፤ ከዚያ ከስልክ የገለበጡትን ዜና ሚኒስትር የሆኑ ይመስል ያነቡልናል። የኛ የድራማ ክበብ ደግሞ ባዶ የቀረች አሮጌ ቤተ ሙከራ ተሰጥታን ነበር። ጠመኔ፣ ዝገትና አንድ ስሙን ማንም የማያውቀው ኬሚካል ትሸታለች። ዴስክ ገጥመን መድረክ እንሠራለን፣ ከየቤታችን አንሶላ አምጥተን መጋረጃ እንሰቅላለን። የእማዬ አበባማ አንሶላ ስንት ንጉሥ ገባበት፣ ስንት ሙሽራ ወጣበት! የክበቡ ኃላፊ የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር መስፍን ነበር። ከደብረ ማርቆስ የመጣ፣ ሶማሊኛ ከሰላምታ በላይ የማይሞክር፣ ቲያትር ግን ነፍሱ የሆነ ሰው።

ሆዳንን ያገኘኋት እዚያ ነው። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ጋርባሳር የሚሉትን ሻርፗን በአንድ እጇ እየያዘች በሌላው እጇ የምታወራ ልጅ ናት። ቤተሰቧ ሀርሺን ነው፤ ጅግጅጋ ትምህርት ብላ የመጣች፣ አጎቷ ቤት የምትኖር። አጎቷን «አዴር» ነው የምትላቸው፤ የአባት ወንድም ማለት ነው። እኔም አዴር ከማለት ሌላ ስማቸውን አላውቅም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ሀርሺን ስለሚውሉ አንድም ቀን አላየኋቸውም። ቤታቸው ግን ስንት ጊዜ ሄጃለሁ! በእረፍት ሰዓት አንዲት ሳምቡሳ ለሁለት ገምሰን ባስባስ የሚሉትን የሚለበልብ ስልስ እናፈስባታለን፤ ከንፈራችን ሲቃጠል የሷ አማርኛ፣ የኔም ሶማሊኛ ይሳካል። አማርኛን ያሳመርኩላት እኔ ነኝ፣ ሶማሊኛዬን ያቃናችልኝ እሷ ናት። እህት የለኝም፤ ያን ዓመት ግን አለችኝ ብዬ ነበር።

የመንፈቅ ዓመቱ መዝጊያ ላይ የወላጆች በዓል ነበር። ቲቸር መስፍን አዲስ ቲያትር የሚጽፍ ማነው ሲል እጄን ያወጣሁት ሳላስብ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! ሁለት ሳምንት እስክሪብቶ ስነክስ ከረምኩ። በመጨረሻ ሆዳን አዘነችልኝና አንድ ቀን ከግቢው ግራር ሥር ተቀምጠን ታሪክ ሰጠችኝ። ሀርሺን ወንዝ የለም፤ ውሃው በሲሚንቶ ከተለሰነ የዝናብ ማጠራቀሚያ ነው፣ ብርካ ይሉታል። በድርቅ ጊዜ ብርካ ያለው ሰው ጌታ ነው። እና አንዲት አሮጊት ባዶ ጀሪካን ይዛ ወደ አንድ ባለ ብርካ መጣች፤ ሰውየው ውሃው ለከብቶቼ ነው ብሎ መለሳት። ሴትዮዋ ግን አልሄደችም። ጀሪካኗን ታቅፋ ብርካው አፋፍ ላይ እስከ መግሪብ ሶላት ተቀመጠች። እሷ እዚያው ተቀምጣ እያየች ሰውየው ሁለት ግመሎቹን አጠጣ።

«እውነት ነው?» አልኳት።

«ታሪክ ነዋ» አለች፤ ሳምቡሳዋን ትታ መሬቱን በጣቷ ትጭር ነበር።

ቤቴ ሄጄ አንድ ሳምንት ሙሉ ጻፍኩ። እንደዚያ ጽፌ አላውቅም። አሮጊቷን ሳስናግር እያለቀስኩ ነበር። የባለ ብርካው ስም ብቻ ጠፋኝ። ጅግጅጋ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው ሶማሌዎች ዘንድ ሰው በመዝገብ ስሙ ብቻ አይታወቅም፤ ረጅሙ፣ አንካሳው፣ ሰፊ አፉ እየተባለ ቅጽል ይወጣለታል፤ በቅጽሉ ካልጠራኸው ጎረቤቱም ማንን እንደምትፈልግ አያውቅም። ሆዳንን ምን ልበለው ስላት አንዴም አላሰበችም።

«ኢልካ ዳሀብ በይው» አለችኝ። ባለ ወርቅ ጥርስ ማለት ነው።

ወደድኩት! የወርቅ ጥርስ ያለው ሰው በየከተማው ሞልቷል፣ ማን ይከፋዋል? ቲቸር መስፍን አማርኛውን አንብቦ ብድግ ብሎ ጨበጠኝ። ሆዳን ጽሑፉን ወደ ሶማሊኛ ተረጎመችው። ባለ ብርካውን የሚሠራው አብዲ የሚባል የክፍላችን ልጅ የቸኮሌት ወረቀት ጥርሱ ላይ ሲለጥፍ በሳቅ ሞትን። ዳይሬክተሩ ጽሑፉን አላዩትም፤ እንግዳ በመጥራት ተወጥረው ነበር። ያን ዓመት ለትምህርት ቤቱ ትልቅ የውሃ ሮቶ የሰጡ ነጋዴ የክብር እንግዳ ሆነው ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ሦስቴ ተጠረገ።

በበዓሉ ዕለት ጠዋት ሆዳን ሆዴን አሞኛል ብላ ላከች። እኔ ሞኟ ፕሮግራሙ ሲያልቅ ሎሚና ዝንጅብል ይዤላት ልሄድ አስቤ ነበር።

ነፋሱ አቧራውን ይነዳል፣ እናቶች በፊት ረድፍ ድራክ በሚሉት ባለ ቀለም ቀሚስ ደምቀዋል፣ ሽቶው እኛ ጋ ይደርሳል። እኔ ከአንሶላው ጀርባ ሆኜ ቃል ለሚጠፋባቸው አቀብላለሁ። አብዲ ወጣና አፉን ከፈተ። የቸኮሌት ወረቀቷ ፀሐይ ላይ ብልጭ አለች። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ! ደስ አለኝ። በአንሶላው ቀዳዳ ሳይ ግን ሰዎቹ የሚስቁት ወደ መድረኩ እያዩ አልነበረም። ወደ ፊት ረድፍ ዞረው ነበር። እኔ አሁንም አልገባኝም። በአንድ ሰው ጥርስ የሚስቁ አይመስለኝም፣ ተሳካልኝ ነው የምለው። አሮጊቷ ጀሪካኗን ታቅፋ ስትቀመጥ ሳቁ በአንዴ ጠፋ። ጸጥታውንም አድናቆት አደረግሁት። ግመሎቹ ውሃ ሲጠጡ፣ መሃል ላይ ከተቀመጡት እንግዶች አንዱ፣ ቀጭን ሽማግሌ፣ ተነሡ።  ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወጡ፤ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸው ወጡ። ቀጭኑ ሽማግሌ ሲወጡ ወደ ዳይሬክተሩ ዞር ብለው አንዲት ቃል ሲናገሩ አፋቸው ውስጥ ወርቅ አየሁ።

ቀሪውን ፕሮግራም ማንም አላስታወሰውም። ሮቶውን የሰጡት ሰው እሳቸው ናቸው። ሀርሺን አራት ብርካ አላቸው። ስማቸው የሚጠራው ኢልካ ዳሀብ ተብሎ ነው። የአሮጊቷን ነገር ደግሞ በዚያ አካባቢ የማያውቀው የለም አሉ፤ በፊታቸው ግን ማንም አንሥቶት አያውቅም።

በማግሥቱ ቢሮ ተጠራን። ዳይሬክተሩ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተውታል፤ የእጅ ጽሑፌ ራሱ እየመሰከረብኝ ነበር። ቲቸር መስፍን ላብ በላብ ሆኗል። ሆዳንም ተጠርታ መጣች፤ የሆድ ሕመሟ ድኖላታል።

«ይህን ስም ማነው ያወጣው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

ወደ ሆዳን አየሁ። አላየችኝም።

«ወላሂ እኔ የሷን ቃል ወደ ሶማሊኛ ነው የመለስኩት» አለች። «እሷ የጻፈችውን ነው ያነበብኩት።»

በልቤ ራሴን እገፋለሁ፦ ውሸታም በያት! አንቺ አይደለሽም ወይ፣ ከግራሩ ሥር፣ በያት! እኔ ግን ደብተሬን ብቻ አየሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ እርቃኔን እስክቀር ድረስ መሆኑን አላውቅም ነበር። ከክበቡ ተባረርኩ፣ ወላጅ አምጪ ተባልኩ።

አባዬ አልጮኸብኝም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ። አዎ አልኩት፤ እኔ ነኛ የጻፍኩት። ሌላ አልጠየቀም። ሾፌሩ፣ ለአክብሮት አዴር ዩሱፍ የምንላቸው አዛውንት፣ «ዶክተር፣ እዚህ አገር ይቅርታ በባዶ እጅ አይባልም» አሉት። ክብሩ የተነካ ሰው የሚካስበት ሥርዓት አለ፣ ሀል ይሉታል። አባዬ የሰው ፍየል እያከመ የሚኖር ሰው፣ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ጥርስ አይቶ፣ ጀርባ ዳስሶ አንዲት ነጭ ፍየል መረጠ። ለልጁ የአፍ ቅጣት መሆኑ ነው። ወደ ሽማግሌው ቤት በገመድ እየሳበ ሲሄድ እኔ በአዴር ዩሱፍና በሱ መሃል ነበርኩ፤ መንገድ ላይ ያወቁት ሁሉ «ዶክተር፣ አመማት እንዴ?» ይሉታል። እሱም «ደህና ናት» ይላል።

አንድ አረንጓዴ በር ጋ ስንደርስ እግሬ ቆመ። ሳምቡሳ ስንገምስ፣ ጥናት ብለን ስንስቅ የዋልንበት ግቢ ነው። የሆዳን ቤት ነው። አባዬ አንኳኳ፤ የከፈተችው እሷ ናት።

የሆዳን አዴር ማለት ራሳቸው ኢልካ ዳሀብ ነበሩ። የስም ምክሩ ከራሳቸው ቤት ነው የወጣው። እዚያው በር ላይ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ፤ ጊዜ ወስዶ አይደለም፣ በአንዴ ነው። የሆድ ሕመሙም፣ መሬት መጫሩም።

ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አባዬ ቀጥ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ በሶማሊኛ፣ «ልጅ ናት፣ አፏን አልገራችም። ያልገራኋት እኔ ነኝ፤ እኔን ይቅር በሉኝ» አለ። ሽማግሌው ጥቂት ሳሉ። ሲያዩዋቸው ጨካኝ አይመስሉም፤ ድካም ያለባቸው፣ ዓይናቸውን ሞራ መሸፈን የጀመረው ሰው ናቸው። ፍየሏን ተቀበሉ፣ ይቅርታውንም ተቀበሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የአሮጊቷን ነገር ማን ነገረሽ?»

ሆዳን ሻይ በትሪ ይዛ ገብታ ነበር።  አሁን ዓይኗን አነሣች፣ ዓይኔ ውስጥ አየችኝ። በዚህ ቤት ነው የምትበላው፣ በዚህ ቤት ነው የምትማረው፤ አንድ ቃል ከአፌ ቢወጣ በማግሥቱ ሀርሺን ናት፣ ትምህርትም እዚያው ያበቃል።

«ማንም» አልኩ። «ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

 «ከራስሽ ከሆነ ደግ» አሉ ሽማግሌው። ወደ ሆዳን ግን አላዩም። ሻዩን ጠጣን፤ ስኳሩ የበዛ፣ ሄል የበዛበት ነበር።

እኔ ከዚያ በኋላ ትመጣለች ብዬ ጠበቅሁ። ሰኞ ትመጣለች አልኩ፣ ሳምንት ጠበቅሁ። አንዲት አመሰግናለሁ፣ አንዲት ይቅርታ፣ እሱም ቢቀር በሩቁ ራስ መነቅነቅ። የክፍል መቀመጫዋን ቀየረች። ረቡዕ ከሰዓት እኔ ከቤተ ሙከራው ውጭ ግራሩ ሥር ተቀምጬ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ የክበቡ ሰብሳቢ ሆዳን ሆናለች። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ እያልኩ እቤት ስገባ ትራሴን እነክስ ነበር። አባዬ ደግሞ ሀርሺን ሲሄድ ለምሳ የሚጠራው ቤት ቀነሰ፤ ወተቱም ቀረ። መጋቢት ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት አባዬ ራሱ ዝውውር ጠይቆ ድሬዳዋ መጣን፤ ሆዳንን ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ለአባዬ አልነገርኩትም። መጀመሪያ ለሆዳን አዝኜ ነው። በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ በደሉ የግሌ እንዲሆን ፈልጌ ነው። የተከዳሁ እኔ ነኝ፣ የታመቀው እንባ የኔ ነው፣ ለማንም አላካፍልም ብዬ እንደ ንብረት ያዝኩት። ሆዳንን ባሰብኳት ቁጥር ያን ትሪ የያዘ እጇን አስታውሳለሁ፣ ያን ያህል አድኜያት እንዴት እያልኩ እንደገና እናደዳለሁ። አሁንም እናደዳለሁ፣ ምን ላድርግ!

ዛሬ፣ እሁድ፣ ከምሳ በኋላ አባዬ ስልኩን ከፍቶ የሶማሊኛ ፕሮግራም ያዳምጣል። ቋንቋው እንዳይጠፋኝ ይላል፤ እኔ ግን ሰዉ እንደናፈቀው አውቃለሁ። እኔ ሳህን እያነሣሁ ነበር። አንዲት ወጣት የቲያትር ደራሲ ትጠየቃለች፤ ሳቋን ነው መጀመሪያ ያወቅሁት። የመጀመሪያ ሥራሽ ምን ነበር አሏት። ዘጠነኛ ክፍል ሆኜ ስለ ብርካ የጻፍኩት ነው አለች። «የእናቴ እናት፣ አዬዮዬ፣ ከአዴሬ ብርካ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተመልሳለች፤ በቤት ውስጥ መናገር ስላልቻልኩ በመድረክ ተናገርኩት፤ የኔ መሆኑን ያኔ ማንም አላወቀም» አለች። ጠያቂዋ አደነቀቻት። ስለኔ አንዲት ቃል የለም፤ ጓደኛ ነበረችኝ እንኳን አላለችም። አሮጊቷ አያቷ መሆኗን የሰማሁት ያኔ ነው። እንባው የሷ ነበር፣ እሺ። ቃሉ ግን የኔ ነበር እኮ!

አባዬ ስልኩን አጠፋ።

«ይህቺ ያቺ ሻይ የሰጠችን ልጅ አይደለችም?»

«ናት።»

«ታሪኩን እሷ ነበረች የሰጠችሽ?»

«እሷ ናት። ስሙንም እሷ ናት ያለችኝ። እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም ነበር፣ አባዬ።» በመጨረሻ ተነፈስኩት። አሁን ያዝንልኛል፣ አሁን ልጄን ይላል ብዬ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«ፍየሏን ስንወስድ፣ ሆን ብላ እንዳደረገችው ታውቂ ነበር?»

«አላወቅሁም። በሩ ላይ ስንደርስ ነው ያወቅሁት።»

«ከበሩ ስንመለስስ?»

 ከበሩ ስንመለስ በባዶ ገመድ አጠገቡ እየሄድኩ ነበር፤ ቤት እስክንደርስ ሙሉ መንገድ ነበረ። ከዚያም በኋላ ስንት ምሳ፣ ስንት እሁድ ነበረ።

«ለሷ አፍሽን መዝጋትሽ ደግ ነው» አለኝ። ድምፁ ከፍ አላለም። «እኔ ግን ያን ሁሉ ዓመት፣ ያበሉኝን ሰዎች የምትሰድብ ልጅ ነው ያሳደግሁት እያልኩ ነበር የኖርኩት። ያን አገር የለቀቅሁት ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ነው።»

ተነሥቶ ጫማውን አደረገ፤ ወዴት ነው ስለው ትንሽ ልራመድ ብሎ ወጣ። ያኔ ልጅ ሆኜ በዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ የተከዳሁት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር። ዛሬ ከሆዳን ይቅርታ መጠበቄን ትቼ፣ አባዬ ከእግር ጉዞው እስኪመለስ በር ላይ ቆሜ ምን እንደምለው አስባለሁ።